የሲጋራ ካርድ፦ ከፓኮ ውስጥ የሚወጣው ሥዕል

የሲጋራ ካርድ የምንለው፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ የአሜሪካና የእንግሊዝ ሲጋራ አምራቾች በየፓኮው ይከቱት የነበረውን ባለሥዕል ትንሽ ካርቶን ነው። ከማኘኪያ ትምባሆ ጋር የወጡትንም ለማካተት ሲፈለግ «የትምባሆ ካርድ» ይባላል። ሰብሳቢዎቹ ካርዶቹን የማሰባሰቡን ልማድ «ካርቶፊሊ» ይሉታል፤ ለእኛ ግን ቴምብር ማሰባሰብ እንደምንለው «የሲጋራ ካርድ ማሰባሰብ» ማለቱ ይበቃል።

መጀመሪያ ካርቶኑ ሥራው ሌላ ነበር። ፓኮው ከስስ ወረቀት ስለሚሠራ ሲጋራው እየተጨፈለቀ ያስቸግር ነበር፤ ካርቶኑ የገባው ፓኮውን ደገፍ እንዲያደርግ ነው። ባዶ ከሚሆን ለምን ማስታወቂያ አይሆንም ተባለ።

በቨርጂኒያ ሪችመንድ የነበረው ሲጋራ አምራች አለን ኤንድ ጊንተር እ.ኤ.አ. በ1887 ያወጣው «የዓለም ሻምፒዮኖች» የተባለ ስብስብ 50 ካርዶች አሉት። ቤዝቦል ተጫዋቾች፣ ቦክሰኞችና ቀዛፊዎች፣ ከእነሱም ጋር ዝነኛዋ ተኳሽ አኒ ኦክሊ ተሥለዋል። ከፊት በነጭ መደብ ላይ ያረፈ ባለቀለም ምስል አለ፤ ከጀርባው ደግሞ የሃምሳዎቹ ስም ተደርድሯል። ገዢው ማን እንደጎደለው የሚያውቀው ከዚህ ዝርዝር ነው፤ የጎደለው እንዲሞላለት ሌላ ፓኮ ይገዛል። የማስታወቂያው ዋና ብልሃት ያለው ከሥዕሉ ይልቅ በጀርባው ላይ ይመስለኛል።

ሥዕሉ ግን በራሱ ሊታይ ይገባዋል። በዘመኑ የቀለም ኅትመት ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ የማተሚያ ድንጋይ ይዘጋጃል፤ ቀለሞቹም ተራ በተራ አንዱ በሌላው ላይ ይታተማሉ። አንዱ ቀለም ትንሽ ከቦታው ቢንሸራተት የአውራ ጣት ጥፍር የማያህለው ፊት ይበላሻል። ይህን ያህል የደከሙት ሠዓሊዎች ስም አብዛኛውን ጊዜ ካርዱ ላይ የለም፤ ጎልቶ የተጻፈው የፋብሪካው ስም ነው። ይህ ያሳዝነኛል።

በእንግሊዝ የብሪስቶሉ ዊልስና የኖቲንግሃሙ ፕሌየር የተባሉት ሲጋራ አምራቾች ነገሩን አስፋፉት። በካርዶቹ ጀርባ አጫጭር ማብራሪያ መጻፍ ሲለመድ ልጆች ስለ መርከብ፣ ስለ ወፍና ስለ ባንዲራ ያነቡባቸው ጀመር፤ አጫሾችንም ካርድ ስጡን እያሉ ይለምኑ ነበር። የሲጋራን ስም ከልጅ እጅ ያስገባውም ይኸው ነው፤ ውበቱ ይህን ሊያስረሳን አይገባም። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ወረቀት ሲጠፋ በእንግሊዝ የካርዱ ሥራ ተቋረጠ።

እነዚህን ካርዶች በወጉ መዝግቦ ያቆየልን አሜሪካዊው ጄፈርሰን በርዲክ ነው። ከ300,000 በላይ ካርዶችና ሌሎች የኅትመት ውጤቶችን ለኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጥቶ፣ በአርትራይተስ በተያዙ እጆቹ በአልበም ሲለጥፋቸው ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1963 አረፈ። የ«ሻምፒዮኖቹ» ስብስብ ዛሬም «ኤን 28» የሚባለው በእሱ መዝገብ ነው፤ «ኤን» የ19ኛው ክፍለ ዘመን የትምባሆ ካርድ መለያ ነው።