በውሃ ሳህን የተዘፈዘፈው እባብ፤ የአንድ ምልክት ታሪክ

እባብን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ አኑሮ መመገብና መንከባከብ በአውሮፓና በአሜሪካ በብዙ መኖሪያ ቤቶች የተለመደ ነው። ይህን ልማድ የያዙ ሰዎች ዘወትር ከሚያጋጥሟቸው ነገሮች አንዱ፣ እባቡ ሌላውን ሥፍራ ሁሉ ትቶ በመጠጫ ሳህኑ ውስጥ ተጠምጥሞ፣ አንዳንዴም ለቀናት ሳይወጣ፣ ተዘፍዝፎ መገኘቱ ነው። ተመልካቹ «ውሃ ይወዳል» ወይም «ተጠምቷል» ብሎ ያልፈዋል። የዚህ ምልክት ትርጉም ግን በአንድ ጊዜ የተገኘ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ወስዷል። ታሪኩም ከእባቡ ጠባይ ይልቅ እባቡ የሚኖርበትን ቤት አሠራር የሚመለከት በመሆኑ የመሐንዲስን ሙያ በቅርብ ይነካል።

ለተሳቢ እንስሳት ብቻ የተመደበው የመጀመሪያው የዓለም ቤት ለሕዝብ የተከፈተው በ1849 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በለንደን ከተማ፣ በሬጀንትስ ፓርክ መካነ አራዊት ውስጥ ነው። ከሞቃት አገሮች ለመጡት እንስሳት ጠላት መስሎ የታየው የለንደን ብርድ ነበር። እባብ ደመ ቀዝቃዛ ነው፤ የሰውነቱ ሙቀት የአየሩን ሙቀት ይከተላል፤ ስለዚህ አየሩን ማሞቅ ይበቃል የሚለው አስተሳሰብ ሰፍኖ ነበር። እርግጥ ነው፣ ፈረንሳዊው ሊቅ ቫላንሲየን በ1841 በፓሪስ እንቁላሎቿን ታቅፋ በተኛች ዘንዶ ላይ ባደረገው ልኬት፣ የእናቲቱ ሰውነት ከአካባቢው አየር ይልቅ የሞቀ ሆኖ አግኝቶት ነበር። እባብ አየሩ እንዳደረገው ብቻ የሚሆን ግዑዝ ነገር አለመሆኑን ይህ ያመለክት ነበር። ይሁንና ጉዳዩ ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ቆይቶ በ1966 በታተመ የኒው ዮርክ ልኬት ሊረጋገጥ ቻለ።

አዳራሽን በጅምላ የማሞቅ ጉድለቱ ለመሐንዲስ ግልጽ ነው። ከዳር እስከ ዳር እኩል በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ የተዘጋ እንስሳ ሙቀቱ ሲበዛበት የሚሸሽበት ጥላ የለውም። ከቀሩት ነገሮች ሁሉ የተለየው የውሃው ሳህን ብቻ ነው። ውሃው በትነት ምክንያት ከአየሩ ቀዝቀዝ ይላል፤ ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታውም ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ የሞቀው እባብ ወደ ውሃው መግባቱ ለመዝናናት ሳይሆን ሙቀቱን ለማራገፍ የቀረለትን ብቸኛ መንገድ መጠቀሙ ነው።

ይህን የቤት ጉድለት ከሥሩ ለማረም ከተነሡት አንዷ ጆአን ፕሮክተር ነበረች። በ1897 የተወለደችው ይህች እንግሊዛዊት ከልጅነቷ ጀምሮ በሕመም የምትሠቃይ ብትሆንም፣ በ1923 የለንደን መካነ አራዊት የተሳቢ እንስሳት ክፍል ኃላፊ ሆነች። በእርሷ አሳብና በአርክቴክቱ ጋይ ዶበር ንድፍ የተሠራው አዲስ ቤት በ1927 ተከፈተ። በዚህ ቤት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የተዘረጋው የልዩ ልዩ ሥፍራዎች ሙቀት እንዲለያይ ተደርጎ ነበር። ተራ መስተዋት የሚያግደውን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚያሳልፍ «ቪታ» የተባለ መስተዋትም ተገጠመለት። የንድፉ ፍሬ ነገር እንስሳው ራሱ እንዲመርጥ ዕድል መስጠቱ ነው። ፕሮክተር ቤቱ ከተከፈተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1931፣ በ34 ዓመቷ አረፈች፤ በመካነ አራዊቱም ለተሳቢ እንስሳት አዲስ መኖሪያ የተከፈተው በ2024 ነው።

በለንደን በግንብና በሽቦ የተሠራው ነገር ሳይንሳዊ ማብራሪያውን ያገኘው በካሊፎርኒያ በረሃ ነው። ካውልስና ቦገርት የተባሉ አሜሪካውያን በ1944 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳቢ እንስሳት ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ በመመላለስ የሰውነታቸውን ሙቀት በጠባብ ወሰን ውስጥ እንደሚጠብቁ አሳዩ። ለእባቡ መመላለስ ማለት የሙቀት መቆጣጠሪያ መሣሪያው ማለት ነው። መመላለሻውን የነፈገው ቤት መሣሪያውን ሰብሮበታል።

ሙቀቱ ቢስተካከልም ግን ሳህኑ ባዶ ሆኖ አልቀረም። ሁለተኛው ምክንያት ከማሞቂያው ራሱ የሚመነጭ ነውና። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንጻራዊ እርጥበቱ 50 በመቶ የሆነ አየር፣ ውሃ ሳይጨመርበት ወደ 32 ዲግሪ ቢሞቅ እርጥበቱ ወደ 25 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ለእባቡ ሲባል የተለኮሰው ማሞቂያ አየሩን አደረቀበት ማለት ነው። ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው እባቡ ቆዳውን ሊለውጥ ሲቃረብ ነው፤ በደረቅ አየር አሮጌው ቆዳ ተቆራርጦ ሰውነቱ ላይ ይጣበቃል። እባቡም አየሩ የነሳውን እርጥበት በሳህኑ ውስጥ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ምክንያት በዓይን ለማየት የምታስቸግር ደም መጣጭ ቅንቅን ናት። ፈረንሳዊው ዤርቬ በ1844 ለሳይንስ ያስተዋወቃት ይህች ተባይ በእባቡ ቅርፊቶች ሥር ትሸሸጋለች። አሜሪካዊው ተመራማሪ ካሚን በ1948 ባወጣው ጽሑፍ ቅንቅኗ ደም የሚመርዝ በሽታ ከእባብ ወደ እባብ እንደምታዛምት ገለጸ፤ በ1953 ደግሞ የሕይወት ዑደቷን በዝርዝር አቀረበ። የተወረረው እባብ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከተባዮቹ ብዙዎቹ ሰጥመው ያልቃሉ፤ በሳህኑም ወለል ላይ እንደ ጥቁር ነጥብ ሆነው ይታያሉ። ነገር ግን እባቡ ለመተንፈስ ራሱን ከውሃው በላይ ስለሚያደርግ የተረፉት በዓይኖቹ ዙሪያ ይሰፍራሉ። ከዚህም በላይ ሴቲቱ ቅንቅን እንቁላሏን የምትጥለው በእባቡ ላይ ሳይሆን በሣጥኑ ስንጥቆች ውስጥ ነው። ስለዚህ እባቡን ብቻ ማከም ወረራውን አያቆመውም፤ ቤቱም መታከም አለበት።

አራተኛው ምክንያት መደበቂያ ማጣት ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በእንግሊዝ ንጉሣዊ ዘንዶ የሚባለው፣ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል እምብዛም የማያልፈው የአፍሪካ ዘንዶ ነው። በብዛት ለውጭ ገበያ የተላከው ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ሲሆን፣ በተፈጥሮ ቦታው ቀኑን የሚያሳልፈው በአይጥ ጉድጓዶችና በመሳሰሉት ውስጥ ነው። ባዶ በሆነ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ ሲገባ ሰውነቱን ከየአቅጣጫው ደገፍ የሚያደርግለት ነገር ሳህኑ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው እባብ የሚሻው ውሃውን ሳይሆን የሳህኑን ግድግዳ ነው።

በእነዚህ ምክንያቶች ላይ የተፈጥሮ ልማድም ይጨመራል። ቆዳውን ሊለውጥ የተቃረበ ወይም እንቁላል የያዘች እባብ ለአጭር ጊዜ ውሃ ውስጥ ብትገባ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ እንደ አናኮንዳ ያሉትም ኑሯቸው ከውሃ ጋር የተቆራኘ ነው። አሳሳቢው ከወትሮው ጠባይ የተለየና የማያቋርጥ ሲሆን ነው። ብዙ ቀን የረጠበ ቆዳ፣ በተለይ ውሃው የቆሸሸ ከሆነ፣ ውሃ እየቋጠረ ይቆስላል። ይህን የሚፈራ ባለቤት አንዳንዴ ሳህኑን ያነሣዋል። ከሁሉ የከፋው መፍትሔ ይህ ነው። ሙቀቱ፣ ድርቀቱ ወይም ቅንቅኑ እንዳለ ሆኖ የእንስሳው የመጨረሻ መጠጊያ ይወሰድበታልና።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው የሥራ ቅደም ተከተል አጭር ነው። በመጀመሪያ በሣጥኑ ሞቃትና ቀዝቃዛ ጫፎች ለየብቻ የሙቀት መለኪያ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ እርጥበቱ ይለካል፤ ከዚያም የሳህኑ ወለልና የእባቡ ዓይኖች ዙሪያ ይመረመራል፤ በመጨረሻም ሰውነቱን በጠባቡ የሚይዝ መደበቂያ በሁለቱም ጫፎች መኖሩ ይታያል። ሁሉም ተስተካክሎ ምልክቱ ከቀጠለ ጉዳዩ የእንስሳት ሐኪም ይሆናል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአበው ብሂል ለዚህ ሳህን የተነገረ ይመስላል። የመለኪያ ቀስት ወደ አደጋው መስመር ሲደርስ ቀስቱን የሚነቅል ባለሙያ የለም፤ ቦይለሩን ይፈትሻል እንጂ። በመስተዋት የተዘጋው እባብ ድምፅ የለውም፤ ቤቱ እንዳልተስማማው የሚናገርበት መለኪያ ያ ሳህን ነው።