የእንግሊዝኛን ቃል ወደ ፈረንሳይኛ ስለ መመለስ



ለመምህርነት ከሚሠለጥኑት ተማሪዎቼ አንዱ፥ «ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የባዕድ ስም እያለ አዲስ ስም ለማውጣት መድከም ምን ይጠቅማል?» ሲል በክፍል ውስጥ ጠየቀኝ። በዚያች ሰዓት የሰጠሁት መልስ ራሴንም አላረካኝም። ስለዚህ በዚህ ነገር ብዙ የደከሙትን የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ታሪክ ተከትዬ ጥያቄውን ልመረምረው ወደድሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ አበዳሪው ፈረንሳይኛ፥ ተበዳሪው እንግሊዝኛ ነበረ። የኖርማንዲ መስፍን ጊዮም በ1066 እንግሊዝን ድል አድርጎ ከያዘ በኋላ፥ የቤተ መንግሥቱና የሹማምንቱ ቋንቋ ለብዙ ዘመን ፈረንሳይኛ ስለ ሆነ፥ እጅግ ብዙ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ ገቡ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ልብስ ለውጠው ወደ አባታቸው ቤት ተመልሰዋል። በጥንታዊው ፈረንሳይኛ «ቡዤት» ማለት ትንሽ የቆዳ ከረጢት ነበረ፤ እንግሊዞች ቃሉን ወስደው የመንግሥትን ገቢና ወጪ «በጀት» አሉት፤ ፈረንሳዮችም የራሳቸውን ቃል እንደ እንግዳ መልሰው ተቀበሉት። እንግዲህ ቃል መዋዋስ በራሱ ነውር አይደለም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የመጣው ከዚህ የተለየ ነበረ። መሣሪያውም ሸቀጡም መዝናኛውም ከነስሙ ከአሜሪካ ይጐርፍ ጀመር። ሬኔ ኤትያምብል የተባለው ሊቅ በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ድብልቅ ንግግር «ፍራንግሌ» እያለ ነቀፈው፤ ስሙም በሕዝብ አፍ ቀረ።

ይሁን እንጂ ከነቀፋው ይልቅ የሚያስተምረን፥ ከእርሱ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ በጸጥታ የተሠራ አንድ ሥራ ነው። በ1955 የአይ.ቢ.ኤም. የፈረንሳይ ቅርንጫፍ አዲሱን የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ለገበያ ሊያቀርብ ሲዘጋጅ፥ «ኮምፒዩተር» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ምን ስም እንደሚስማማ የላቲን ቋንቋ መምህር የሆነውን ዣክ ፔሬን ጠየቀ። መምህሩም ኤፕሪል 16 ቀን 1955 በጻፈው ደብዳቤ «ኦርዲናተር» የሚለውን ቃል አቀረበ። ይህ ቃል በአሮጌው የሊትሬ መዝገበ ቃላት ውስጥ ለዓለም ሥርዓትን የሚሰጥ አምላክን ለመግለጽ ተጽፎ ይገኝ ነበረ። ኩባንያው በመጀመሪያ የራሱ የንግድ ስም አድርጎ ሊይዘው ቢያስብም፥ ቃሉ ብዙ ሳይቈይ የሁሉ ሆነ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፥ ስሙ የደረሰው ዕቃው በደረሰበት ጊዜ ነው፤ የባዕዱ ስም ገና ሥር አልሰደደም ነበረ። ሁለተኛ፥ መምህሩ የመለሰው ቃሉን ሳይሆን ሥራውን ነው። የእንግሊዝኛው ስም «አስሊ» ማለት ሲሆን፥ የፈረንሳይኛው «ሥርዓት ሰጪ» ማለት ነው፤ መሣሪያው ከማስላት አልፎ የሚሠራውን ሁሉ ይበልጥ የሚገልጸውም ይህኛው ነው። ሦስተኛ፥ ቃሉ ከቋንቋው የገዛ ግንድ የተቀነጠሰ ስለ ሆነ ለጆሮ አልከበደም። በ1962 ፊሊፕ ድሬፉስ «መረጃ» እና «ራስ ገዝ አሠራር» የሚሉትን ሁለት ቃላት አጋጥሞ «ኤንፎርማቲክ» የሚለውን የሙያ ስም ሲያወጣ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

ዘግይቶ የመጣው ግን ብዙ ጊዜ አልቀናውም። ለቡልዶዘር «ቡተር»፥ ለማርኬቲንግ «መርካቲክ» ተብሎ በመንግሥት ስም ቢወጣላቸውም፥ ሠራተኛውና ነጋዴው የለመዱትን አልተዉም። በ1994 ፈረንሳይኛ በማስታወቂያና በሥራ ውል እንዲሠራበት የሚያዝ ሕግ ወጣ፤ ሆኖም የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት፥ መንግሥት የወሰናቸውን ቃላት በግል ሰው ላይ በግድ ሊጭን እንደማይችል አስቀድሞ ፈርዶ ነበረ። ሹም ቃልን ሊሾም ይችላል፤ የሚያነግሠው ግን ሕዝብ ነው።

ነገሩ ከዚህ ይልቅ የከበደው በካናዳ፥ በኬቤክ ምድር ነው። ፈረንሳይ አገሩን በ1763 በፓሪስ ውል ለእንግሊዝ ከለቀቀች በኋላ ሕዝቡ ቋንቋውን በቤቱና በቤተ ክርስቲያኑ ጠበቀ፤ ፋብሪካው ግን በአብዛኛው የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነበረ። ስለዚህ ፈረንሳይኛ አፉን የፈታበት ሠራተኛ የሚፈታውንና የሚገጥመውን የመኪና ዕቃ በባዕድ ስም ብቻ ያውቅ ነበረ። በእጁ የያዘውን መሣሪያ በእናቱ ቋንቋ ሊጠራ የማይችል ሰው፥ ቋንቋው ለጸሎትና ለጨዋታ እንጂ ለሥራና ለዕውቀት እንዳልተፈጠረ ማመኑ አይቀርም። ኬቤክ በ1961 የፈረንሳይኛ ቋንቋ መሥሪያ ቤት አቋቁማ ለየሙያው የቃላት መጽሐፍ አዘጋጀች፤ በ1977ም ፈረንሳይኛን የሥራ ቋንቋ የሚያደርገውን ሕግ አወጣች። ዛሬ በፈረንሳይ መንገድ ላይ የማቆሚያው ምልክት «ስቶፕ» ሲል፥ በኬቤክ ግን «አሬ» ይላል። ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ኬቤኮች ያስለመዱትን «ኩርየል» የሚለውን ቃል የፈረንሳይ መንግሥት በ2003 ተቀብሎታል።

ለተማሪዬ ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይገኛል። ባዕድ ቃል ሁሉ ይባረር አንልም። ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ጣቢያውን «ለገሃር» የምንለው፥ ፈረንሳዮች «ላ ጋር» ከሚሉት ወስደን ነው፤ ዛሬ ማንም እንግዳ አይለውም። ነገር ግን የተዋስነው ቃል ለአፍ ብቻ ሆኖ ለልብ ካልገባ፥ ተማሪው ስሙን ይሸመድዳል እንጂ ነገሩን አያውቅም። «ቤተ መጻሕፍት» የሚለውን የሚሰማ ሕፃን ግን ቤቱን ሳያይ እንኳ ሥራውን ይረዳል።

ኦርዲናተርን ያስገኘው ጥያቄው በጊዜው የቀረበለት አንድ መምህር ነው። አዲስ ነገር ከነባዕድ ስሙ ወደ ክፍላችን በገባ ቀን ጥያቄው ለእኛም ቀርቦልናል፤ ስሙ ሥር ከሰደደ በኋላ ብንነሣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆንብናል።