የሽጉጥ ጥይት የሚጎርሰው ጠመንጃ እና ቤት ያልተሠራለት አጥር

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት።)

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ አንድ አሮጌ ግብር ዜሮ ሆኗል። 200 ዶላር ነበር። ከ1934 ጀምሮ ጦርነት ሲመጣና ሲሄድ፣ ዋጋ ሲንር፣ ፕሬዚዳንት ሲቀያየር ቁጥሩ ንቅንቅ ሳይል 91 ዓመት ቆየ። የሚከፈለው አፈሙዙ ከተወሰነ ልክ ያጠረ ጠመንጃን ወይም ድምፅ ማፈኛን ለማስመዝገብ ነበር። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ግዙፉ የበጀትና የግብር ሕግ ውስጥ ተሸጉጦ ነው ያለፈው። ምዝገባው፣ አሻራው፣ የኋላ ታሪክ ማጣራቱ እንዳለ ነው፤ የተነሳው ገንዘቡ ብቻ ነው።

ስለ አሜሪካ የጦር መሣሪያ ክርክር ሲነሳ ሁላችንም የምናውቀው ትልቁን ጩኸት ነው። ዛሬ ግን ከጩኸቱ ጎን ስላለች አንዲት ትንሽ መሣሪያ ላውራችሁ። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ፒሲሲ» ይሏታል። በአማርኛ ብንፈታው የሽጉጥ ጥይት የምትጎርስ ካራቢን እንደማለት ነው፤ ሰደፍ ያላት፣ ትከሻ ላይ የምትደገፍ፣ የምትተኩሰው ግን ወገብ ላይ ከሚታጠቀው ሽጉጥ ጋር አንድ ዓይነት ጥይት። ዛሬ ቅዳሜና እሑድ በተኩስ ውድድር ሜዳ የምትታይ የስፖርት ዕቃ ናት። ቅርጿን የወሰኑት ግን ስፖርተኞች አይደሉም። የቦይ ውጊያ፣ የቺካጎ ወንበዴዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ በግማሽ የተተወ ሕግ ነው።

ሐሳቡ ራሱ አሮጌ ነው። ዊንቸስተር በ1873 ያወጣው በእጀታ ዘንግ የሚቀባበል ጠመንጃ 0.44 ተብሎ የሚጠራ፣ 40 ግሬን ጥቁር ባሩድ የሚይዝ ጥይት ይተኩስ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኮልት ተዘዋዋሪ ሽጉጡን በዚያው ጥይት ሠርቶ ገበያ አወጣ። ከከተማ ርቆ ለሚኖር ከብት አርቢ ትርጉሙ ቀላል ነው፤ አንድ ሳጥን ጥይት ይገዛል፣ ሁለቱንም መሣሪያ ይመግባል። የትኛው ጥይት ለየትኛው ነበር እያለ በጨለማ አይዳብስም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። አያቶቻችን የታጠቋቸውን ስሞች አስታውሱ፤ ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር። የእንግሊዙ ስናይደር፣ የፈረንሳዩ ፉዚል ግራ፣ የፈረንሳዩ ለበል፣ የኦስትሪያው ማንሊከር በአማርኛ አፍ ተሟሽተው የወጡ ናቸው። ስማቸው ተሟሽቶ ቢዋሃድም ጥይታቸው አልተዋሃደም። የአንዱ ለሌላው አይሆንም። በ1936 ማይጨው ላይ የዘመተው ጦር ካጋጠሙት ችግሮች አንዱ ይኸው የመሣሪያ ዓይነት መዥጎርጎርና የጥይት እጥረት ነበር። ጥይቱን ያላገኘ ጠመንጃ ከዱላ የሚሻለው በክብደቱ ብቻ ነው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ዛሬ ዓለምን የሞላው 9 ሚሊሜትር ጥይት የተወለደው በ1902 በጀርመን፣ በጌዮርግ ሉገር እጅ ነው። ለሽጉጥ ነበር የታሰበው። በ1918 ግን ምዕራቡ ግንባር በቦይ ውጊያ ታንቆ ሳለ፣ ሁጎ ሽማይሰር የነደፈው «ኤምፒ 18» መጣ፤ ያንኑ የሽጉጥ ጥይት 32 ከሚይዝ ክብ ካዝና እያከታተለ የሚተፋ አጭር መሣሪያ። ረጅሙ የእግረኛ ጠመንጃ ጠባብ ቦይ ውስጥ መታጠፊያ ላይ ይጋጫል፤ ይህ ግን አይጋጭም። የሽጉጥ ጥይት ከሩቅ ደካማ ቢሆንም ቦይ ውስጥ ሩቅ የሚባል ነገር የለም።

አሜሪካዊው ጆን ቶምሰንም ለዚያው ቦይ ብሎ የራሱን ሠራ፣ ጦርነቱ ግን ቀደመው። ኮልት ፋብሪካ ከ1921 ጀምሮ 15,000 ያህል ቶምሰን ሠርቶ ዓመታት ሙሉ ሸጦ መጨረስ አቃተው። ስሙን ያወጣው ጦር ሠራዊት ሳይሆን የመጠጥ ክልከላው ዘመን ነው። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1929 ቺካጎ ውስጥ ሰባት ሰዎች ግድግዳ ላይ ተደርድረው የተረሸኑት በቶምሰን ነበር። ፎቶግራፉ ጋዜጣ ላይ ወጣ። አገሩ ደነገጠ።

ከዚህ ድንጋጤ ነው የ1934ቱ ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግ የወጣው። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እዚህ ጋ ያለው ነገር ነው።

የሩዝቬልት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆመር ከሚንግስ ለምክር ቤት ያቀረቡት ረቂቅ መትረየስን ብቻ የሚመለከት አልነበረም። ሽጉጥንም ጨምሮ ነበር። ዓላማው ወንጀለኛ ልብስ ውስጥ ደብቆ የሚይዘውን መሣሪያ ሁሉ በግብርና በምዝገባ ማጥበቅ ነው። ታዲያ ሽጉጥ ላይ በር ከተዘጋ አንድ ብልጥ ሰው መጋዝ አንስቶ የአደን ጠመንጃውን ቆርጦ ሽጉጥ ያደርገዋል። ስለዚህ ረቂቁ ያጠረ ጠመንጃን አብሮ ያዘ። ይህ አንቀጽ ራሱን የቻለ ዓላማ አልነበረውም፤ የሽጉጡን በር የሚጠብቅ አጥር ነበር።

ከዚያ የተኩስ ማኅበራቱ፣ አዳኞቹና የምክር ቤት አባላቱ ተነሱና ሽጉጥ ከረቂቁ ወጣ። አጥሩን ግን ማንም አላፈረሰውም። ቤቱ ሳይሠራ አጥሩ ቆሞ ቀረ። እናም ከዚያ ዓመት ጀምሮ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የ4 ኢንች ሽጉጥ በኪስ መያዝ ያለዚህ ሁሉ ጣጣ ሲቻል፣ ኪስ የማይገባው የ15 ኢንች ጠመንጃ ግን እንደ መትረየስ ተመዝግቦ 200 ዶላር የሚከፈልበት ሆነ። በወቅቱ 200 ዶላር የአንድ ቶምሰን ዋጋ ያህል ነው፤ ግብር ከመባል ክልከላ ቢባል ይቀላል። መነሻው ልክ 18 ኢንች ነበር፤ በ1960 ለጠመንጃ ወደ 16 ወረደ። 16 ለምን? ከ15 ወይም ከ17 የሚለየው የደኅንነት ምሥጢር የለም። ቁጥር ነው።

ይህ ቁጥር ምን እንደሠራ ለማየት ኡዚን ተመልከቱ። ስሙን በእኛም አገር ብዙ ሰው ያውቀዋል። እስራኤላዊው ኡዚኤል ጋል የነደፈው፣ 10 ኢንች ያህል አፈሙዝ ያለው፣ ለአጭርነቱ የተፈጠረ መሣሪያ። በ1980 ወደ አሜሪካ የሲቪል ገበያ ሲገባ ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ብቻ እንዲተኩስ ተደርጎ፣ አፈሙዙም ሕጉን እንዲያልፍ ከ16 ኢንች በላይ ተለጥጦ መጣ። ከአጭር ገላ ላይ ረጅም ቱቦ ተቀጥሎ፣ ፎቶውን ያየ ሰው አጥማጅ ወፍ ነው የሚመስለው። ማንም መሐንዲስ እንዲህ ይሁን ብሎ አይነድፍም። የነደፈው ሕግ ነው።

በዚያው ዓመት፣ ሜይ 5 ቀን 1980፣ የእንግሊዝ ልዩ ኃይል ለንደን የሚገኘውን የኢራን ኤምባሲ በቴሌቪዥን ቀጥታ ስርጭት ሰብሮ ሲገባ የያዘው የጀርመኑን «ኤምፒ 5» ነበር፤ እሱም 9 ሚሊሜትር። የዚህ ዓይነት መሣሪያ የክብር ጫፍ ያ ቀን ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1997 በሎስ አንጀለስ ሰሜን ሆሊዉድ ሁለት የባንክ ዘራፊዎች ጥይት መከላከያ ለብሰው ከፖሊስ ጋር ተታኮሱ። የፖሊስ 9 ሚሊሜትር ልብሱን መብሳት አልቻለም። ፖሊሶቹ በአቅራቢያ ካለ የጦር መሣሪያ ሱቅ ጠመንጃ እስከ መዋስ ደረሱ። ሁለቱም ዘራፊዎች እዚያው ሞቱ፤ ትምህርቱ ግን በመላ አገሪቱ ተሰማ። የፖሊስ መኪኖች የጠመንጃ ጥይት የሚተኩሱ ካራቢኖችን መጫን ጀመሩ። ጦሩም ቀድሞ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። የሽጉጥ ጥይት የምትጎርሰው መሣሪያ ሥራ ፈት ሆነች።

ሥራ የሰጣት ስፖርት ነው።

በሜይ 1976 ሚዙሪ ግዛት ኮሎምቢያ ከተማ ላይ ጄፍ ኩፐርን ፕሬዚዳንት አድርጎ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የተግባር ተኩስ ኮንፌዴሬሽን ሦስት ነገር ይዞ ተነሳ፤ ማነጣጠር፣ ኃይል፣ ፍጥነት። ተወዳዳሪው እየሮጠ፣ በመስኮትና በግድግዳ ሥር እያለፈ ዒላማ ይመታል። ነጥቡ ለወሰደበት ሰከንድ ይካፈላል። ለ40 ዓመት ውድድሩ በዋናነት የሽጉጥ ነበር። በ2016 የአሜሪካው ማኅበር ፒሲሲን በራሷ ምድብ በሙከራ አስገባ፤ የዓለም አቀፉም ኋላ ተከተለ። ነባሮቹ አጉረመረሙ። «ሰደፍ ትከሻ ላይ ካደገፍክማ ምኑን ሽጉጥ ሆነ?» የሚል ቅሬታ ነው፤ ሐቅም አለው። ግን እጁ የሚንቀጠቀጥ አዛውንት፣ ዓይኑ የደከመ፣ ሽጉጥ ለመቆጣጠር የሚቸገር ጀማሪ በዚህች በር ገባ። ሜዳውም አልተቀየረም። የጠመንጃ ጥይት የብረት ዒላማውን ስለሚቦረቡር ራቅ ያለ ሜዳ ይፈልጋል፤ 9 ሚሊሜትር ግን ለሽጉጥ በተሠራው ሜዳ፣ በዚያው ርቀት፣ በዚያው ርካሽ ጥይት ይተኮሳል። የ1873ቱ ከብት አርቢ ስሌት ማለት ነው።

ውጭ አገር ሆናችሁ ይህን ስፖርት ልትሞክሩ ለምታስቡ፣ መሣሪያ ስትመርጡ ታሪኩ የሚጠቅማችሁ እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ ርካሽ ፒሲሲዎች የሚሠሩት ከኤምፒ 18 ጀምሮ ባለው ቀላል ዘዴ ነው፤ መዝጊያው ብረት በምንም አይቆለፍም፣ በክብደቱ ብቻ ግፊቱን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ብረቱ ከባድ መሆን አለበት፤ ከባድ ብረት ወዲያ ወዲህ ሲላጋ ደግሞ የ9 ሚሊሜትር ጠመንጃ ከሚጠበቀው በላይ ይራገጣል፣ የማነጣጠሪያው ቀይ ነጥብም ይዘላል። ይህን ለማለዘብ የመጡት ውዶቹ ናቸው፤ እንደ ኤምፒ 5 በትንንሽ ተሽከርካሪ ብረት መዝጊያውን የሚያዘገዩ፣ እንደ ሲግ «ኤምፒኤክስ» በጋዝ የሚሠሩ። ለጀማሪ ግን የሩገር «ፒሲ ካርባይን» ዓይነት ቀላሉ ይበቃል ባይ ነኝ። ከግሎክ ሽጉጥ ጋር አንድ ካዝና እንዲጋራ ማድረግ ይቻላል፤ ካዝና በየጊዜው ስለሚገዛ የምታወጡት ብር እዚያ ላይ ነው የሚቆጠበው።

ስለ ጥይት አትጨነቁ። ደንቡ የአረሩ ክብደት በግሬን በፍጥነቱ ተባዝቶ፣ ለ1,000 ሲካፈል 125 እንዲሞላ ይጠይቃል። 124 ግሬን አረር በሰከንድ 1,050 ጫማ ቢሄድ 130 ይሆናል፤ አለፈ። ይልቅ የሚያስቸግረው ማነጣጠሪያው ነው። ቀይ ነጥቡ ከአፈሙዙ በላይ 2.5 ኢንች ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በ25 ያርድ ያስተካከላችሁት መሣሪያ በ5 ያርድ ላይ 2 ኢንች ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። በግማሽ የተሸፈነች ዒላማ ላይ ይህ ማለት ነጥብ ሳይሆን ቅጣት ማለት ነው። ስለዚህ ቅርብ ዒላማ ላይ ከፍ አድርጎ መያዝን እጃችሁ እስኪለምደው ተለማመዱ። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የግዛታችሁን ሕግ እዩ፤ ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ ውስጥ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና ክልክል ነው።

አፈሙዙስ? 9 ሚሊሜትር ባሩድ አጭር ቱቦ ውስጥ ነድዶ ስለሚያልቅ ከ10 ኢንች አካባቢ በኋላ የሚጨመረው ርዝመት የሚሰጠው ፍጥነት ኢምንት ነው። ውድድር ላይ ደግሞ በር ሥር የሚሽከረከር ሰው አጭርና ፊቱ ቀላል የሆነ መሣሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ አምራቾች አጭር አፈሙዝ ሠርተው ጫፉ ላይ ባዶ ቱቦ ይበይዱና 16 ኢንች ይሞሉታል። ጥይቱ ያንን ቱቦ ሳይነካው ያልፋል። ሥራው ሕጉን መንካት ብቻ ነው። አንድ ዘመናዊ ፋብሪካ ለ1934 ድንጋጤ ብሎ በ21ኛው ክፍለ ዘመን ብረት ይበይዳል ማለት ነው። አሁን ግብሩ ዜሮ ከሆነ በኋላ መሣሪያውን በቅድሚያ አስመዝግቦና አስፈቅዶ ያንን ቱቦ ቆርጦ ለመጣል የቀረው ወረቀቱ ብቻ ነው። በእኔ እምነት አጥሩ ሰውን ያዳነበት ማስረጃ ስላልቀረበልን መነሳቱ አያስለቅስም፤ ግን ቤቱ፣ ማለትም ደብቀው የሚይዙት ሽጉጥ ጉዳይ፣ ዛሬም ሳይነካ የበጀት ሕግ ጀርባ ታዝሎ መወሰኑ ውይይት ተደረገ አያሰኝም።

እንግሊዝ ሌላ መንገድ ሄደች። በ1987 ሀንገርፎርድ ከተማ ላይ ከደረሰው ግድያ በኋላ፣ በ1988 ከትንሿ 0.22 በስተቀር ራሳቸው የሚቀባበሉ ጠመንጃዎችን ከለከለች። ማርች 13 ቀን 1996 በስኮትላንድ ደንብሌን ትምህርት ቤት 16 ሕፃናትና መምህራቸው ሲገደሉ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ሽጉጥን ከሲቪል እጅ አወጣች። እዚያ ቤቱም አጥሩም ተሠራ። የሽጉጥ ተወዳዳሪዎቹ ሜዳቸውን ይዘው ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ብዙዎቹ ታዲያ ምን አነሱ? በእጀታ ዘንግ የሚቀባበል፣ የሽጉጥ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ። ዛሬ ከለንደን ወጣ ብሎ ቢዝሊ ሜዳ ላይ የሚወዳደሩት እሱን ይዘው ነው፤ ዘዴው ዊንቸስተር በ1873 ለከብት አርቢው ከሸጠው ብዙም አይለይም።