ቤተ ክህነትና ቤተ መንግሥት

ሃይማኖትና መንግሥት ተለይተው ይኑሩ ወይስ ተባብረው ይኑሩ የሚለው ክርክር ከውጭ አገር በመጽሐፍ የመጣ ነገር ነው ብለው የሚያስቡ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። አሳቡ በአሜሪካና በፈረንሳይ ሕግ ቀድሞ መጻፉ እውነት ነው፤ ጥያቄው ራሱ ግን በአገራችን የኖረ፥ ሰውን ከቀዬው ያፈለሰ፥ አልጋ ወራሽን ከአልጋው ያወረደ፥ ፓትርያርክን ለሞት ያበቃ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ የራሳችንን ታሪክ ሲሆን፥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው። የመንግሥት ሃይማኖት መኖሩ የጐዳው ከዚያ ሃይማኖት ውጭ ያሉትን ብቻ ነው እየተባለ በብዙ ይነገራል። እኛ ግን ነገሩን ስንመረምረው፥ ጉዳቱ ተጠቃሚ ናት ለተባለችው ለቤተ ክርስቲያንም የተረፈ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከቦሩ ሜዳ እንጀምር። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በወሎ፥ ቦሩ ሜዳ በተባለው ስፍራ ታላቅ ጉባኤ አደረጉ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም በዚያ ነበሩ። ጉባኤው በመጀመሪያ የተሰበሰበው ስለ ሙስሊሞች ጉዳይ አልነበረም፤ በኦርቶዶክስ ሊቃውንት መካከል ስለ ክርስቶስ ልደትና ቅብዐት ለብዙ ዘመን ሲያከራክር የኖረውን ነገር ለመቍረጥ ነበር እንጂ። ሁለት ልደት የሚለው የተዋሕዶ ወገን ረታ፤ በሸዋ ብዙ ደቀ መዝሙር የነበረው የጸጋ ልጅ የሚባለው ትምህርት ተወገዘ። ቀጥሎ ዐዋጁ ወደ ሙስሊሞች ዞረ፤ የወሎ መሳፍንትና ሕዝባቸው እንዲጠመቁ ታዘዘ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል፥ ኢማም አመዴ ሊበንም ኃይለ ማርያም ተባሉ። እንቢ ካሉት ብዙዎቹ ተሰደዱ፤ እንደ ሼኽ ጦልሓ ያሉት ደግሞ ሕዝቡን አስተባብረው ተዋጉ።

የንጉሠ ነገሥቱን አሳብ መረዳት አያዳግትም። በጉንደትና በጉራ የግብፅን ጦር በ1868 ዓ.ም. ድል ካደረጉ ገና ሁለት ዓመት መሙላቱ ነበር፤ አገር በአንድ ሃይማኖት ካልታሰረ ይበተናል ብለው ሠጉ። ይሁን እንጂ የዐዋጁ በትር በመጀመሪያ ያረፈው በራሷ በቤተ ክርስቲያን ልጆች፥ በጸጋ ሊቃውንት ላይ እንደ ነበረ ልብ ይሏል። ብዙዎቹ የትምህርት መጻሕፍት ይህን ነገር በአንድ መስመር ያልፉታል፤ ሊታለፍ ግን አይገባውም ነበር። አንድ ገዢ ትክክለኛውን ሃይማኖት በዐዋጅ የሚወስን ከሆነ፥ ለመወሰን የሚመቸው ከሁሉ አስቀድሞ በእጁ ያለው የገዛ ሃይማኖቱ ነውና።

ከዚያ በኋላ የሆነው ልብ ወለድ ይመስላል። በቦሩ ሜዳ ዐዋጅ የተጠመቁት ራስ ሚካኤል የምኒልክን ልጅ አገቡ፤ ልጃቸው ልጅ ኢያሱም የምኒልክ አልጋ ወራሽ ሆኑ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፥ በመስቀል በዓል ዕለት፥ መኳንንቱና ካህናቱ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ወደ እስልምና አዘንብለዋል ብለው ከሰሱ፤ አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት፤ ልጅ ኢያሱም ዘውድ ሳይጭኑ ከሥልጣን ወረዱ። ክሱ ምን ያህል እውነት እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የአባትየው ጦር በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ሰገሌ ላይ ተሸነፈ። አባት በመንግሥት ዐዋጅ ክርስቲያን ሆኑ፤ ልጅ ሙስሊም ሆነዋል ተብለው መንግሥት አጡ። የአልጋ ጠብና የሃይማኖት ክስ በአንድ መዝገብ በሚጻፍበት አገር፥ ጳጳሱ መሐላ የሚያስርና የሚፈታ ባለ ሥልጣን ይመስላሉ፤ ነገር ግን አሸናፊው መኳንንት ፍቱልን ባሏቸው ጊዜ አልፈታም ለማለት ምን ያህል ነጻነት ነበራቸው?

ትምህርትም ቢሆን ከዚህ ክርክር አላመለጠም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ፥ የውጭ አገር ትምህርት ሃይማኖትን ያስለውጣል የሚል ሥጋት ከቤተ ክህነት በኩል ተነሣ። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው መምህራኑን ከግብፅ፥ ከቅብጥ ክርስቲያኖች ማስመጣት ነበር። እንግዲህ የዛሬው መንግሥታዊ ትምህርት ቤት በር የተከፈተው በስምምነት ነው ማለት ይቻላል፤ ለመምህርነት ከዕውቀት ቀጥሎ የተጠየቀውም ሃይማኖት ነበር።

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ስለ ሃይማኖት ነጻነት አንቀጽ አልነበረውም። ከኢጣልያ ወረራ በኋላ ግን መንግሥት ነገሩን በዝርዝር መደንገግ ጀመረ። በ1936 ዓ.ም. ሁለት ሕጎች ወጡ። አንደኛው የሙስሊሞችን የጋብቻና የውርስ ጉዳይ የሚዳኙትን የቃዲ ፍርድ ቤቶች የሚመለከት ነው። ሁለተኛው የውጭ አገር ሚሲዮኖችን ሥራ የሚወስን ነው፤ አገሩን ለሁለት ከፍሎ፥ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል በተባለው ሚሲዮኖች ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ከማቋቋም በቀር የራሳቸውን እምነት እንዳይሰብኩ፥ ክፍት በተባለው ግን እንዲሰብኩ ፈቀደ። የማስተማሪያው ቋንቋም አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። ስለዚህ የአንድ ሰው ኅሊና ምን መስማት እንደሚችል የሚወሰነው በሚኖርበት ወረዳ ሆነ ማለት ነው።

ወደ 1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። አንቀጽ 40 በግዛቱ የሚኖሩ ሰዎች የሃይማኖታቸውን ሥርዓት በሕግ መሠረት ሲፈጽሙ እንዳይከለከሉ ይደነግጋል፤ ሥርዓቱ ለፖለቲካ መሣሪያ እንዳይሆንና ጸጥታንና መልካም ጠባይን እንዳይነካ ብቻ ይጠይቃል። አንቀጽ 126 ደግሞ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን መሆኗንና በመንግሥት መደገፏን፥ ንጉሠ ነገሥቱ ሁልጊዜ የዚህ ሃይማኖት ተከታይ መሆናቸውን፥ ስማቸውም በጸሎት ሁሉ መጠራቱን ይናገራል። ሁለቱን አንቀጾች የሚያነብብ ሰው አንደኛው ለሁሉ የተሰጠ ፈቃድ፥ ሁለተኛው ለአንዲቱ የተሰጠ ክብር መሆኑን ወዲያው ያያል።

ለአንቀጽ 126 የሚከራከሩት ሰዎች ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። ፊደልን ያቈየች፥ ዜና መዋዕልን የጻፈች፥ መንግሥት ትምህርት ቤት ሳይኖረው ፊደልና ዳዊት ያስተማረች ቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነች፥ የመንግሥት ድጋፍ ዕዳ መክፈል እንጂ ስጦታ አይደለም ይሉ ነበር። በእንግሊዝ አገርስ ንጉሡ የቤተ ክርስቲያኑ የበላይ ገዢ አይደለምን ብለው ይጠይቁ ነበር። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ዕዳውም እውነተኛ ዕዳ ነው። ነገር ግን ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ 127ን አብሮ ማንበብ ይገባል። ሊቀ ጳጳሱና ጳጳሳቱ በካህናትና በምእመናን መራጮች ይመረጣሉ፤ ሹመታቸው ግን በንጉሠ ነገሥቱ ይጸድቃል፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሥጋዊ አስተዳደር በመንግሥት ሕግ ይመራል። እንግዲህ መንግሥት በቀኝ እጁ የሰጠውን ክብር በግራ እጁ በሹመት ይዞት ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከእስክንድርያ ሹመት ወጥታ በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ ለማግኘት ብዙ ዘመን ደክማለች፤ ያገኘችው ነጻነት ግን ከእስክንድርያ እንጂ ከቤተ መንግሥት አልነበረም።

በዚያው ዘመን ሀገር የጋራ ነው፥ ሃይማኖት የግል ነው የሚለው ቃል ከንጉሠ ነገሥቱ ስም ጋር ተያይዞ በሕዝብ አፍ ይዘወተር ነበር። ቃሉ መልካም ነው፤ ከአንቀጽ 126 ጋር ግን እንዴት እንደሚስማማ ያስረዳ ሰው አልነበረም። ሙስሊሙ ኢትዮጵያዊ በዓሉ በአገሩ የዓመት በዓል መዝገብ ውስጥ አልነበረለትም፤ በሰሜኑ ብዙ ስፍራ ርስት ስለማይሰጠው በንግድና በሽመና ይተዳደር ነበር። የቋንቋ መምህራን ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገርም አለ፤ በጊዜው አነጋገር ሙስሊሞቹ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባሉ ነበር። ሰዋስዉ ስሕተት የለበትም፤ ባለቤትን እንግዳ የሚያደርግ ግን ነው።

ስለዚህ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳና የወጣው ታላቅ ሰልፍ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ የስም ጥያቄ ነበር፤ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ተብለን እንጠራ አሉ። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፥ በዓሎቻችን ይከበሩ፥ መሬትና የመንግሥት ሥራ ያለ አድልዎ እናግኝ ሲሉም ጠየቁ። ከ100,000 የሚበልጥ ሰው እንደ ወጣ ይነገራል። ከተሰላፊዎቹ መካከል ክርስቲያኖችም ነበሩ፤ በቦሩ ሜዳና በሰልፉ መካከል ያለፈውን 96 ዓመት ለሚያስብ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ንጉሡ በወረዱበት ዓመት በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሦስት የእስልምና በዓላት በመላው አገሪቱ እንዲከበሩ አደረገ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ቤተ ክርስቲያኒቱ መሬቷን ሁሉ አጣች። ሢሶ ለነጋሽ፥ ሢሶ ለቀዳሽ፥ ሢሶ ለአራሽ የሚባለው የጥንት አነጋገር በአንድ ዐዋጅ አበቃ። እስከዚህ ድረስ ያለውን መለያየት ነው ልንለው እንችል ነበር። የቀጠለው ግን መለያየት አልነበረም። የቀድሞው ሕግ የጳጳሳቱን ሹመት በርእሰ ብሔሩ እጅ አስቀምጦት ነበርና፥ አዲሶቹ ገዢዎች አዲስ ሰንሰለት መሥራት አላስፈለጋቸውም፤ ቁልፉን ብቻ ተረከቡ። በየካቲት 1968 ዓ.ም. ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርደው አሰሩ፤ በዚያው ዓመት ሌላ ፓትርያርክ ተተካ፤ የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያንም ፓትርያርክ በሕይወት ሳለ ሌላ አይሾምም ብላ ሳትቀበለው ቀረች። በ1971 ዓ.ም. አቡነ ቴዎፍሎስ በምሥጢር ተገደሉ። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በመንገድ ላይ ተይዘው ተገደሉ። የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አባትና በ1936ቱ ሕግ ክፍት ክልል ከተፈቀደላቸው ሚሲዮኖች ትምህርት የወጣ ቄስ፥ በሕይወታቸው በሁለት ወገን የቆሙ ሰዎች፥ በአንድ እጅ ሞቱ።

በ1979 ዓ.ም. የጸደቀው የደርግ ሕገ መንግሥት ሃይማኖት ከመንግሥት የተለየ መሆኑን ጽፎ ነበር፤ ነገር ግን ሃይማኖት ከመንግሥትና ከአብዮቱ ጥቅም ጋር እንዳይቃረን የሚል ማሰሪያ አክሎበታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 ሦስት ነገር ይናገራል፤ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፤ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፥ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። ይህ ማለት ግን ሃይማኖት ከሕግ መጽሐፍ ጨርሶ ወጣ ማለት አይደለም፤ አንቀጽ 34 ተከራካሪዎች በፈቃዳቸው የግልና የቤተሰብ ጉዳያቸውን በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኙ ይፈቅዳል። ጎረቤታችን ኬንያም በ2002 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም ብላ ስታበቃ የቃዲ ፍርድ ቤቶቿን አስቀርታለች፤ ስለዚሁ ጉዳይ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት አጥብቀው ተከራክረው ነበር። ሶማሊያ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ባወጣችው ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት እስልምናን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጋለች። በአንድ የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል ሦስት አገሮች ሦስት መንገድ ይዘዋል።

አንቀጽ 11 ከተጻፈ በኋላ የተነሡት ሁለት ትላልቅ አቤቱታዎች የሚያስደንቅ መመሳሰል አላቸው። በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከአወሊያ ትምህርት ቤት ተነሥቶ የተስፋፋው የሙስሊሞች ተቃውሞ፥ መንግሥት በመጅሊሳችንና በትምህርታችን ጣልቃ ገባ የሚል ነበር፤ ተወካዮቻቸው ታስረው ነበር። በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን በሾሙ ጊዜ፥ ሲኖዶሱ ድርጊቱን አውግዞ መንግሥትን በጣልቃ ገብነት ከሰሰ፤ ምእመናንም ጥቁር ለበሱ። ነገሩ በየካቲት ወር በስምምነት በረደ። ከ1870 ዓ.ም. ወዲህ በተቃራኒ ወገን የተቀመጡ ሁለት ሕዝቦች፥ በዐሥራ አንድ ዓመት ልዩነት፥ ለአንድ መንግሥት አንድ ዐይነት አቤቱታ አቀረቡ ማለት ነው።

ለእኛ ለመምህራን ግን ከሁሉ የሚቀርበው አንቀጽ 90 ነው፤ ትምህርት ከሃይማኖት፥ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ ይሰጥ ይላል። ይህ ታሪክን ከሃይማኖት ማጽዳት ነው ብሎ የሚተረጕም መምህር አክሱምንም ላሊበላንም ሐረርንም ሊያስተምር አይችልም። አስቸጋሪው ስለ ሃይማኖት መናገሩ ሳይሆን ማን ፊት እንደምንናገር ማወቁ ነው። ቦሩ ሜዳን በደሴ ክፍል ውስጥ የሚያስተምር መምህር፥ ከፊቱ ከተቀመጡት ልጆች የአንዱ ቅድመ አያት የተጠመቀ፥ የሌላው የተሰደደ፥ የሦስተኛው የዐፄ ዮሐንስ ወታደር ሊሆን ይችላል። ሦስቱም በአንድ መጽሐፍ ተምረው በአንድ ፈተና ይፈተናሉ።

በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ሒጃብ ለብሰው መማር ተከልክለው፥ ነገሩ ከብሔራዊ ፈተና ምዝገባ ጋር ተያይዞ እስከ ፍርድ ቤት በደረሰ ጊዜ፥ በማሠልጠኛችን የታሪክ ክፍል አንቀጽ 11ን፥ አንቀጽ 27ንና አንቀጽ 90ን ጎን ለጎን ጽፈን እጩ መምህራኑ እንደ ዳኛ ፍርድ እንዲጽፉ ሰጠናቸው። አንዳንዶቹ ትምህርት ቤት አንድ ልብስ ያስፈልገዋል፥ ይህም ማንንም አይለይም አሉ። ሌሎቹ ከሃይማኖት ነጻ መሆን ያለበት ትምህርቱ እንጂ የተማሪዋ ራስ አይደለም ብለው ፈረዱ። ክርክሩ ከሰዓቱ አልፎ በግቢው ዛፍ ሥር ቀጠለ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሁለቱም ወገን ተገኝቶ ነበር። የጻፉትን ሁሉ አንድ በአንድ አነበብነው፤ መንግሥት አንዱን ሃይማኖት ይምረጥ ያለ አንድም አልነበረም።