እንፋሎቱ አልፎ ስሙ የቀረው ባቡር

መስከረም 21 ቀን ለግማደ መስቀሉ በዓል በወሎ አምባሰል ወደምትገኘው ግሸን የሚወጣው ምእመን፣ በመስቀለኛው አምባ አቀበት ላይ ስንቁን በአህያ ጭኖ፣ የቀረውንም በጀርባው አዝሎ ሲያዘግም ያየ ሰው፣ በዚህ አገር ገበሬ አፍ ባቡር ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው በሃዲድ የሚሄደው ሳይሆን እህል የሚፈጨው ወፍጮ መሆኑን ቢሰማ አይደነቅም። ቃሉ ጥንተ ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ትርጓሜውም እንፋሎት ስለ ሆነ፣ ወፍጮውንም ሠረገላውንም በአንድ ስም የጠራ ሕዝብ አልተሳሳተም፤ የሰየመው እሳትና ውኃ ተጋብተው የሚወልዱትን ኃይል ነውና።

ይህ ኃይል በሃዲድ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባበትን ውል ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ፤ ተራራውን መውጣት ስላልተቻለም ሃዲዱ ያረፈበት ሜዳ አዲስ ሐረር ተባለ፤ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ናት። ከዚያ በኋላ ሥራውን የያዘው ኩባንያ ከሰረ፤ በ1900 የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ዶክተር ቪታሊያን አዲስ ውል ተቀበሉ። በዚህ መካከል ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ያስመጣው የእንፋሎት መንገድ መዳመጫ ሃዲዱን ቀድሞ አዲስ አበባ ገብቶ ነበርና፣ የከተማው ሰው «የሰርኪስ ባቡር» እያለ ተደነቀበት። እውነተኛው ባቡር የደረሰው በ1909 ሲሆን፣ ያው ዓመት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል በሰገሌ ጦርነት ድል የሆኑበት ስለ ነበር፣ ወሎ ኀዘኑን ትቶ የባቡር ዜና የሚያደምጥበት ጊዜ አልነበረም።

በሃዲዶቹ መካከል አንድ ሜትር ብቻ ባለው በዚያ 784 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ለሚወጣው ሎኮሞቲቭ፣ ከረኃቡ ይልቅ ጥሙ የከፋ ነበር። እሳቱን አንዳጁ በአካፋ ይመግበዋል፤ ውኃ በሌለበት በረሃ ግን የእንፋሎት ሠረገላ የብረት ክምር ነውና፣ ጉዞው ሁሉ ከውኃ ማደያ ወደ ውኃ ማደያ ነበር። ሌሊት ስለማይሄድም መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ጸሐፍት የሚያወሱት ይህንን መንገደኛ፣ በተለይም ሚያዝያ 24 ቀን 1928 በዚሁ ባቡር ወደ ስደት የሄዱትን አፄ ኃይለ ሥላሴን ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን የመንገዱ ታሪክ የፉርጎው ታሪክ ነው። ቡናና ቆዳ ጭኖ ወርዶ፣ ጨርቅና ቆርቆሮ ጭኖ የሚመለሰው ያ ፉርጎ፣ ሲራራ ነጋዴ በሳምንታት ይጓዘው የነበረውን መንገድ በቀናት ፈጸመው።

በ1940ዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ እየመጣ እንፋሎቱን ተካ፤ መስከረም 25 ቀን 2009 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመር ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሀራ ገበያ እንዲደርስ በ2007 የተጀመረውም እንዲሁ ለኤሌክትሪክ የታሰበ ስለ ሆነ፣ የእንፋሎት ባቡር ዘመን የአምባሰልን ሰማይ አንድ ቀን እንኳ በጢሱ ሳይነካ አለፈ።