የቤት ቅድመ ክፍያ ድጋፍ (በኢትዮጵያ)

የቤት ቅድመ ክፍያ ድጋፍ የቤት ዋጋ በአንድ ጊዜ መክፈል ለማይችል ገዢ መንግሥት መነሻ ገንዘቡን የሚሰጥበት፣ የሚያበድርበት ወይም የሚያቃልልበት አሠራር ነው። በአሜሪካ ክፍላተ ግዛት ድጋፉ በአብዛኛው በስጦታ ወይም በተጨማሪ ብድር ይሰጣል። በኢትዮጵያ ግን መነሻውን የሚቆጥበው ገዢው ሲሆን የመንግሥት ድጋፍ በመሬት፣ በመሠረተ ልማትና በብድር አቅርቦት ይገለጻል።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች (ኮንዶሚኒየም) መርሐ ግብር በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ድሬዳዋን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው ምዝገባ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የተባሉ የቁጠባ ዘዴዎች ወጡ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ገዢው የሚቆጥበውን፣ ሁለተኛው በብድር የሚሸፈነውን መቶኛ ያሳያል። 10/90 ወርኃዊ ገቢያቸው ከ1,200 ብር ለማይበልጥ የታሰበ ሲሆን ተመዝጋቢው በየወሩ 187 ብር በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ያስቀምጥ ነበር። መቆጠብ ግን ቤት ለማግኘት ዋስትና አይደለም፤ ዕጣ መውጣት አለበት። ዋነኛው ችግርም የግንባታው ፍጥነት ከተመዝጋቢው ብዛት ጋር አለመመጣጠኑ ነው።

ባቡሩ ድሬዳዋ በደረሰበት በ1895 ዓ.ም. የተቆረቆረው የከተማዋ ሰፈር ከዚራ ከኮንዶሚኒየም በፊት የነበረውን ሥርዓት ያሳያል፦ የምድር ባቡር ኩባንያው ለሠራተኞቹ ያለ ቅድመ ክፍያ የሚኖሩባቸውን ቤቶች ሠርቷል። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ የከተማ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረሱ ደግሞ በመላ አገሪቱ የቀበሌና የመንግሥት ኪራይ ቤት ተስፋፋ።

ወደ ኮንዶሚኒየም ስንመለስ፣ ባለዕጣው ቤቱን ከተረከበ በኋላ ለ5 ዓመት መሸጥ አይፈቀድለትም።