ስንፈተ አድሬናል፦ ኪኒን ሲቋረጥ የሚገለጥ ሕመም

ስንፈተ አድሬናል የሚባለው በሁለቱ ኩላሊቶች አናት ላይ የተቀመጡት አድሬናል እጢዎች ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ማመንጨት ሲያቅታቸው ነው። እያንዳንዱ እጢ ክብደቱ 5 ግራም ገደማ ነው። ከእጢዎቹ የሚወጣው ኮርቲሶል ግን የደም ግፊት እንዳይወርድና የደም ስኳር እንዳያንስ ይጠብቃል፣ የሰውነትን ብግነት ያበርዳል። መጠኑ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ከፍ ይላል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ይወርዳል። ትኩሳት፣ የመኪና አደጋ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲያጋጥም ደግሞ እጢዎቹ ከወትሮው እጥፍ ድርብ ያመርታሉ። ይህን ማድረግ የተሳነው ሰው በደህናው ቀን ደከም ደከም እያለው ሊውል ይችላል፤ ወባ የያዘው ቀን ግን ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት፣ ባስ ሲልም ሊሞት ይችላል።

ለዚህ ችግር በአማርኛ ገና የተለመደ ስም የለም። «የልብ ድካም» እንደምንለው «የአድሬናል ድካም» ማለት ቀላል ነበር። ሆኖም በሌላው ዓለም በዚህ ስም ለማንኛውም መዛልና እንቅልፍ ማጣት ማሟያ እንክብል የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ፤ የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበራት ደግሞ እንዲህ ያለ በሽታ መኖሩን አይቀበሉም። እውነተኛውን ሕመም ከገበያው ስም ለመለየት «ስንፈተ አድሬናል» ይሻላል። «ስንፈት» ስንፍናን ያስታውሳል፣ ታማሚውንም ይወቅሳል የሚል ቢኖር፣ ቃሉ «ስንፈተ ወሲብ» በሚለው ስያሜ ለሕክምና ከዋለ ቆይቷል፤ የሚናገረውም ስለ አካሉ እንጂ ስለ ሰውየው ጠባይ አይደለም።

በሽታውን ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር የጻፈው እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ አዲሰን ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1855 ነበር። ያኔ እጢዎቹን በብዛት የሚያጠፋው የሳንባ ነቀርሳ የምንለውን ሕመም የሚያመጣው የቲቢ ተሕዋሲ ሲሆን፣ ቲቢ በተስፋፋባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ዛሬም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ፊሊፕ ሄንች የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከኮርቲሶል ጋር የሚዛመደውን ኮርቲሶን መገጣጠሚያዋ በሕመም ለተያዘ ሴት ሰጠ። ውጤቱ እጅግ አስደናቂ ስለነበር በ1950 ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከዚያ ወዲህ ኮርቲሶንና ስቴሮይድ የሚባሉት መሰሎቹ በሰፊው ስለተሠራጩ የስንፈተ አድሬናል ዋና መንስኤ ተለወጠ፤ ዛሬ ሕመሙን በብዛት የሚያመጣው ራሱ የስቴሮይድ መድኃኒት ነው። ለኩላሊት ሕመም ወይም ለሉፐስ ፕሬድኒሶሎን ከተባለው ስቴሮይድ ባለ 5 ሚሊግራሙን ጠዋት ጠዋት ስምንት ፍሬ የሚወስድን ሰው እናስብ። የዋጠው 40 ሚሊግራም ከ160 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲሶን፣ ማለትም በመድኃኒት መልክ ከተዘጋጀ ኮርቲሶል፣ ጋር ይስተካከላል፤ እጢው ጨርሶ ለማይሠራ ሰው በምትክነት የሚታዘዘው ግን በቀን ከ15 እስከ 25 ሚሊግራም ብቻ ነው። አንጎል ይህን ሁሉ በደም ውስጥ ሲያገኝ ለአድሬናል የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፤ ሳምንታት ሲያልፉ እጢው ይኮሰምናል። ኪኒኑ በድንገት ሲቋረጥ ከውጭ የሚመጣው ይቀራል፣ የውስጡም ቶሎ አይመለስም፤ እስኪያገግም ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል።

እንግዲህ አደጋው ያለው መድኃኒቱን በመውሰድ ብቻ ሳይሆን በማቋረጥም ነው። ይህን መቀሌ ላይ ቆሞ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የዓይደር ሪፈራል ሆስፒታል ከትግራይ አልፎ ከአፋርና ከአጎራባች የአማራ አካባቢዎች የሚመጡ ሕሙማንን ያክማል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት መድኃኒት ሲጠፋ የሆስፒታሉ ሐኪሞች እጥረቱን ደጋግመው ለዓለም አሰሙ፤ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በጥር 2014 ዓ.ም. የሕክምና ቁሳቁስ ወደ መቀሌ ያስገባው ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። እንዲህ ባለው እጥረት ኢንሱሊን ሲቋረጥ ምን እንደሚከተል የስኳር ሕመምተኛው ቤተሰብ ያውቃል። ስቴሮይድ ሲቋረጥ ግን ምልክቱ ክብደት መቀነስ፣ አቅም ማጣት፣ ሲነሱ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ነው፤ በችግር ዘመን እነዚህን ሁሉ ሰው ረኃብ ነው ብሎ ያልፋቸዋል። አዲሰን ያየው የቆዳ መጥቆር እንኳ ከኪኒን በመጣው ዓይነት ላይ አይታይም። ስሙ ካልታወቀ ማንም አይጠይቅም፣ ማንም ካልጠየቀ ሕመሙ አይገኝም።

ብርቅ በሽታ ነው፣ ስንት አንገብጋቢ ነገር እያለ ለምን ይነሣል የሚል ይኖራል። አዲሰን የገለጸው ዓይነት በእርግጥ ብርቅ ነው፤ በአውሮፓ ከአንድ ሚሊዮን ሰው መካከል የሚገኘው ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ነው። ፕሬድኒሶሎን ግን ለአስም፣ ለሉፐስ፣ ለኩላሊት፣ ለሥጋ ደዌ የሚታዘዝ፣ ያለ ማዘዣም ከየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአዲስ አበባው የአለርት ሆስፒታል ጥናት በሥጋ ደዌ ሳቢያ በሚመጣ ብርቱ የሰውነት ቁጣ የተያዙ ሕሙማን ሞት ከፍ ብሎ እንደተገኘና ረጅም የስቴሮይድ ሕክምና ከሞቱ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ጥናቱ ሟቾቹን የገደለው ስንፈተ አድሬናል ነው አላለም፤ ስቴሮይድን ለረጅም ጊዜ መውሰድ በአገራችንም ብርቱ ክትትል እንደሚፈልግ ግን ያስረዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፦ ሰው ይህን ሰምቶ ሕይወት አዳኝ መድኃኒት ቢሸሽስ? በኮቪድ ጊዜ ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት ሕሙማን መካከል ሞትን በሢሶ ገደማ መቀነሱ በእንግሊዝ በተደረገ ትልቅ ጥናት ተረጋግጧል። ነገር ግን ፍርሃትን የሚያበዛው ግማሽ ዕውቀት ነው። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ላልሞላ ሕክምና ኪኒኑን ቀስ በቀስ መቀነስ አያስፈልግም። ጥንቃቄው ከዚያ በላይ ለወሰደ ነው፤ ለእርሱም መልእክቱ «አትውሰድ» ሳይሆን «ሐኪም ሳታማክር አታቋርጥ» ነው። ለቲቢ ሪፋምፒሲን የጀመረ ሰው ደግሞ ጉበቱ ስቴሮይዱን ቶሎ ስለሚያስወግድበት፣ ኪኒኑን ሳያቋርጥም ሊጎድለው ይችላል።

ምርመራ በሌለበት ስሙ ምን ይፈይዳል ለሚለውም መልስ አለ። ግፊቱ 70 በ40 ሆኖ ድንገተኛ ክፍል የገባ፣ ሁለት ሊትር ፈሳሽ ተሰጥቶትም ያልተሻለው በሽተኛ «ለወራት ፕሬድኒሶሎን ስወስድ ነበር፣ ባለፈው ሳምንት አለቀብኝ» ካለ፣ ሐኪሙ የኮርቲሶል ውጤት አይጠብቅም፤ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲሶን በመርፌ ይሰጣል። እዚህ ላይ ወሳኙ ነገር የበሽተኛው ቃል ነው። ስለዚህ ስቴሮይድን ከአንድ ወር በላይ የሚወስድ ሁሉ የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ «በድንገት አይቋረጥም» የሚል ማሳሰቢያና ትኩሳት ሲይዘው መጠኑን ስንት እንደሚያደርስ የሚገልጽ ካርድ ሊሰጠው ይገባል፤ ዓይደርን ለመሰለ ሆስፒታል በትግርኛ፣ በአፋርኛና በአማርኛ። ካርዱ ከወረቀትና ከቀለም የበለጠ ወጪ የለውም። ለመወፈር ብለው በየመድኃኒት ቤቱ ዴክሳሜታዞን (ዴክሳ) ገዝተው የሚውጡት ግን ካርድ የሚሰጣቸው ሐኪም የላቸውም፤ ለእነርሱ ቃሉን ማስተማር ያለበት ኪኒኑን የሚሸጠው ባለሙያ ነው።